መቃብር የሌለው ሻማ

ስታራ ኦልሻ፣ ረቡዕ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2022

የኔ ሉድካ፣

እንዴት ሰነበትሽ ልጄ? የፖስታውን ጽሕፈት ስታዪ መጀመሪያ የሚመጣብሽ ሐሳብ "ማን ሞተ?" የሚል እንደሚሆን አውቃለሁ። ማንም አልሞተም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ያልጻፈች እናት ድንገት ስትጽፍ ሰው መደንገጡ አይቀርምና አስቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ፣ የአባትሽን ማጉያ መነጽር ይዤ እጽፋለሁ። ፊደሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ከወጡብሽ ዓይኔን ውቀሺ። አፖሎኒያ "እኔ ልጻፍልሽ" ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ሃምሳ ዓመት ጎረቤታችን ሆና ስትኖር አንድ ምስጢር አድሮባት አያውቅም።

አድራሻሽን የሰጡኝ አሳታሚዎችሽ ናቸው። ደውዬ "የጸሐፊዋ እናት ነኝ" ስላት ያነሳችው ልጅ "የማን እናት?" ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። እናት እንዳለሽ የነገርሻቸው አይመስለኝም። አልፈርድብሽም።

አንቺ ያለሽበት ፖርቱጋል እስከ ገና ድረስ ፀሐይ ነው ይላሉ። እኛ ዘንድ ገና በረዶ አልጣለም፤ ጭቃው ግን ጫማ ይውጣል። ጎመኑን ዘንድሮ ግማሽ በርሜል ብቻ ነው ጨው ውስጥ የከተትኩት። ዶሮዎቹን ለአፖሎኒያ ሰጠኋት። ዝይ ማርባቱን ትቻለሁ። በሴፕቴምበር ሉብሊን ሆስፒታል አስተኝተውኝ ነበር፤ ሆዴን በመሣሪያ አዩት፣ ከዚያ አንድ መልካም ጠባይ ያለው ዶክተር መጥቶ "ወይዘሮ ካዚሚዬራ፣ ቤትዎ ሄደው ያማረዎትን ሁሉ ይብሉ" አለኝ። አባትሽንም የዛሬ ሁለት ዓመት እንዲሁ ብለውት ነበር። እንዲህ ያለ ፈቃድ መቼ እንደሚሰጥ እናውቃለን፤ ስለዚህ በእሱ ላይ ቀለም አልጨርስም።

ይልቅ የጻፍኩበትን ጉዳይ ልንገርሽ። ስለዚያ መጽሐፍ ነው።

ያን ቀን "የላባ ወራት"ን በሁለት እጅሽ ይዘሽ፣ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ፣ እዚህ በር ላይ ስትቆሚ ዓይኔ ላይ ነሽ። ፊትሽ ትምህርት ቤት ሽልማት ያገኘሽ ቀን እንደነበረው ነበር። ትተሽልኝ ሄድሽ፤ አፖሎኒያ በአራት ቀን አንብባ ጨረሰችልኝ። በአምስተኛው ቀን ስትመጪ "ልጄን ሸጠሽ በላሽ፤ ደጄን እንዳትረግጪ" አልኩሽ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ሮጠሽ አትመልሽውም። አንቺ ምስጢሬን ስላወጣሽ የተቆጣሁ መሰለሽ። እኔም እንደዚያ እንዲመስልሽ ተውኩት።

ምስጢሩንስ ከየት እንዳገኘሽው ያኔም ገብቶኝ ነበር። በብርድ ወራት ሴቶቹ ከምሳ በኋላ እዚህ ተሰብስበን ለትራስ የሚሆነውን ለስላሳ ከዝይ ላባ አጥንት ላይ ስንገፍ፣ አንቺ ጠረጴዛው ሥር ነበርሽ። ማስነጠስ ክልክል፣ መሣቅ ክልክል፣ ላባው ሁሉ ይበናል። እኛ እንዳንሥቅ እያልን የሰዉን ሁሉ ጉድ በሹክሹክታ እንጨርሰው ነበር። አዋላጇ ማርትስያና አንድ ቀን ስለ እኔ "የካዚያ የመጀመሪያ ልጅ እኮ ከመቃብሩ ቅጥር ውጭ..." ልትል ስትጀምር በእግሬ ረገጥኳት። ጠረጴዛው ሥር የነበርሽው አንቺ የተረገጠውን እግር አየሽ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ሌላ ልጅ ቢሆን እግር አይቶ ይረሳል፤ አንቺ ሠላሳ ዓመት አስቀመጥሽው።

ከዚያ ሻማውን አየሽ። በቅዱሳን ሁሉ ቀን በአያትሽ መቃብር ላይ ስድስት ሻማ አበራና ሰባተኛውን ከመተላለፊያው ጠጠር ላይ አስቀምጠዋለሁ። "እማማ፣ ይሄ ለማን ነው?" ስትይኝ "መቃብሩ ላይ ቦታ ጠፋ" እልሽ ነበር። ልጅ ሆኖ እናቱን ያላመነ እንዳንቺ አላየሁም። የመቃብሩን ቅጥር አስፍተው ሲሠሩት ያ ያልተጠመቁ ሕፃናት ይቀበሩበት የነበረው ቦታ መንገድ ላይ ወደቀ፤ ከሞቱት መካከል አስገቡት፣ ግን ሰው የሚረግጠው ጠጠር አደረጉት። ይህንንም በመጽሐፍሽ ጽፈሽዋል፣ ከኔ ይልቅ አሳምረሽ።

ሥራሽን አላከበርኩልሽም እንዳትዪ። አንድ በጋ የቀድሞ መጽሐፍሽን እዚህ ስትጽፊ ወረቀቶችሽን ጓሮ ካለው የልብስ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቅለሽ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድሽ ለብቻሽ ታወሪያለሽ። እኔ ደግሞ አንሶላ ላሰጣ ብዬ ሁሉንም አውርጄ ቅደም ተከተሉን አደባልቄ ከመርኩልሽ። ጩኸትሽ እስከ ወፍጮው ድረስ ተሰማ። በኋላ የዋርሶው ጋዜጣ "የሦስተኛው ምዕራፍ አፈራረቅ አዲስ ስልት ነው" ብሎ ሲያሞግስሽ፣ አባትሽ ሻዩ ትን ብሎት ጀርባውን መታሁት። "ካዚያ፣ ስልቱ ያንቺ ነው፤ ሽልማቱን ተካፈያት" አለኝ። ለሰው ሁሉ ሲያወራው ከረመ። እንዲህ ይወድሽ ነበር።

ስለ እሱ ልንገርሽ፤ አንቺ ያላየሽውን።

በመጽሐፍሽ ውስጥ አባትየው ቄሱን ፈርቶ፣ ሚስቱን አንድ ቃል ሳይጠይቅ፣ ሕፃኗን ሮዛልካን በፖም ሣጥን አድርጎ በፈረስ ጋሪ ይዟት ወጥቶ ከቅጥሩ ውጭ ይቀብራታል። እናትየዋ መሬት ላይ ወድቃ "ውጭ አትጣላት" እያለች ትለምናለች። አፖሎኒያ እዚህ ስትደርስ አለቀሰች፤ መነጽሯን ሁለት ጊዜ ጠረገች። እኔ ድንች እየላጥኩ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጥኩት።

አባትሽም ለብቻው አነበበው፣ ሁለት ጊዜ፣ ዕቃ ቤት ተቀምጦ። ሲጨርስ "ጥሩ ጽፋለች፤ የፈረሷን ቀለም ብቻ ነው የተሳሳተችው፣ ዳማ ነበረች" አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ከዚያ በኋላ ሱቁ ፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ሄዶ ሲቀመጥ ሰዎቹ "ዜኖን፣ ዛሬ ሣጥንህን ረሳህ?" ይሉት ጀመር። አብረውት ያደጉ ሰዎች ናቸው። አንድ ሳምንት ቻለው፣ ሁለት ሳምንት ቻለው፤ ከዚያ መሄዱን ተወ። ዳቦ የምገዛው እኔ ሆንኩ። እኔንማ ሴቶቹ እጄን ይዘው "አይዞሽ ካዚያ፣ ምን ያህል ችለሽ ኖረሻል" ይሉኛል። እኔም አመሰግናለሁ፤ ዳቦዬን ይዤ እመለሳለሁ፤ እሱ በመስኮት ያየኛል።

አንድ ቃል ቢናገር ነፃ ይወጣ ነበር። ሳይናገር ሞተ።

ቀብሩ ላይ ቢጫ አበባ ይዘሽ ከኋላ ቆመሽ ነበር። በሰው ሁሉ ፊት ጀርባዬን ሰጠሁሽ። ስለዚህ ስለዚያ ቀን ይቅርታ እጠይቅሻለሁ ሉድካ። ሌላው ሌላ ነው፣ ለሌላው ምክንያት ነበረኝ ልል እችላለሁ፤ ልጅ አባቷን ስትቀብር ጀርባ መስጠት ግን ምክንያት የለውም።

አሁን ባለፈው ሳምንት የሆነውን ስሚ።

በቅዱሳን ሁሉ ቀን እንደ ወትሮው ከአፖሎኒያ ጋር ሻማዎቻችንን ቅርጫት ውስጥ ይዘን ሄድን። እሷ እኮ አሁንም ከአንቺ ጋር ተጣልታለች፤ "መጽሐፉ ውስጥ በወጣሁ ቁጥር አፌ ውስጥ ምግብ አለ! እኔ እንዲህ ነኝ?" ትለኛለች፣ ኬኳን እያኘከች። እንዲህ እየተባባልን መተላለፊያው ጋ ስንደርስ እግሬ ቆመ። ጠጠሩ ላይ መርገጫ የለም። ሻማ ነው፣ ሞልቷል። ሠላሳም አርባም ይሆናል። ቀይ ብርጭቆ፣ ነጭ ብርጭቆ። አንዱ አጠገብ የሕፃን ካልሲ ተቀምጧል። አንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፎ "ለሮዛልካና እንደሷ ላሉት" ይላል። ከሉብሊን በመኪና የመጣች አንዲት ወጣት፣ መጽሐፍሽን በደረቷ አቅፋ፣ "እትዬ፣ የሮዛልካ ቦታ ይሄ ነው አይደል?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ ልጄ፤ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም" አልኳት።

አፖሎኒያ አፏን ከፍታ አየችኝ። ሰባተኛውን ሻማ ቅርጫት ውስጥ እንዳለ ይዤው ተመለስኩ። በሃምሳ አራት ዓመት ሳላበራው የቀረሁት ዘንድሮ ብቻ ነው።

እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሙታን ስም ሲነበብ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ። አባ ራዶስዋቭ አዲሱ ቄሳችን ናቸው፤ ወጣት ናቸው፣ ከቀሚሳቸው ሥር ስኒከር ያደርጋሉ፣ ደግነቱ ቶሎ ያነባሉ። ከየቤቱ የተሰጣቸውን ወረቀት አንድ በአንድ እያነሱ ይጠራሉ። የእኛን ወረቀት አነበቡ፤ አባትሽን፣ አያቶችሽን። ቀጥሎ የአፖሎኒያን አነሱ። ባሏን፣ እህቶቿን፣ ከዚያ "ሕፃን ሮዛልካን" አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ተንሾካሾከ። እሳቸው የመጡት በበጋ ነው፤ ከየት ያውቃሉ? "ዘላለማዊ ዕረፍትን ስጣቸው አቤቱ" ሲሉ ሰዉ ሁሉ ተንበርክኮ መለሰ። ያ ሱቅ ፊት ሲቀልድ የነበረ ሁሉ።

ደጁ ላይ የአፖሎኒያን ክንድ ያዝኩ።

"አንቺ ሴትዮ አብደሻል? ለሌለ ሰው ጸሎት ታስደርጊያለሽ?"

"ምን ላድርግ፣ ማንም የሚጸልይላት የላትም!"

"የላትማ! እሷ እኮ የለችም! ሉድካ ናት የፈጠረቻት!"

"የለችም? ታዲያ ሳነብልሽ ለምን ገርጥተሽ ቢላዋሽን ጣልሽ?" ካለች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ካዚያ፣ እኔ ሞኝ ነኝ፣ ግን ዕውር አይደለሁም። ያን ጠጠር ስንት ዓመት አብሬሽ አይቻለሁ" አለችኝ። አፍ የማይዘጋላት አፖሎኒያ ይህን ያህል ዘመን ዝም ብላኝ ኖራለች። ከላይ ምስጢር አያድርባትም ያልኩትን በልቤ ሰርዣለሁ፤ ግን ወረቀቱን ላለማበላሸት እንዳለ ትቼዋለሁ።

ቤቴ ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። አገር ሙሉ በጉልበቱ የተንበረከከው በመጽሐፍ ላለች ልጅ ነው፤ የኔው ግን አሁንም ስም የለውም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ነቅዟል ልጄ፤ ከውስጥ በልቶ ጨርሶኛል። ስለዚህ አሁን እጽፈዋለሁ፣ ሳልቆም እጽፈዋለሁ።

ሴት አልነበረችም። ወንድ ነው።

ጁን 15 ቀን 1968 ነበር፣ የቅዱስ ቪት ቀን። ሰው ሁሉ ሣር አጨዳ ወጥቷል። ምጡ ከጊዜው ስድስት ሳምንት ቀድሞ መጣብኝ፤ ብጣራ የሚሰማ አልነበረም። እዚሁ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ወለድኩት። አላለቀሰም። ዓይኑ ተጨፍኗል፤ አፉን ግን ከፈት ከደን አደረገ፣ ሁለት ጊዜ። እንደሚያመልጠኝ አወቅሁ። የውሃው ባልዲ ከምድጃው አጠገብ ነበር፤ እየተጎተትኩ ሄጄ በእጄ ጨለፍኩና እንደተማርነው ግንባሩ ላይ አፍስሼ "ቪት፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ" አልኩት። ውሃው ሲነካው ይተነፍስ ነበር? አላውቅም። እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባትሽ ሣር በጸጉሩ ላይ እንዳለ ሮጦ ደረሰ፤ ማርትስያና ተከተለች። ልጁን አቅፎ ከጎኔ ተንበረከከ። "ካዚያ፣ ውሃ አፍስሰሽበታል? ቄሱ የሚጠይቁኝ እሱን ነው፤ አዎ ካልሽኝ ከእናቴ አጠገብ አስቀብረዋለሁ" አለኝ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ለሞተ ሰው ጥምቀት መስጠት ከባድ ኃጢአት ነው ብለው አስተምረውናል። ሞቶ ከሆነ ያጠመቅሁት፣ በእሱም በእኔም ይፈረድብናል ብዬ ፈራሁ። "የለም" አልኩት። አላመነኝም፤ ግንባሩ እርጥብ ነበርና። እንደገና "ካዚያ፣ እባክሽ" አለኝ። "የለም" አልኩና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሣጥኑን ራሱ ሠራው። ውጭ አትጣለው ብሎ የለመነ ሰው ከነበረ እሱ ነው፤ ቄሱን እስከ ማታ ደጃቸው ላይ ቆሞ ለመናቸው። እኔ አልለመንኩም ሉድካ። እኔ ግድግዳውን ነበር የማየው።

ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ስለዚያ እርጥብ ግንባር አንድ ቀን አላነሳብኝም። መጽሐፍሽ ሲወጣና ጥፋቱ ሁሉ እሱ ላይ ሲወድቅም አላነሳውም። "ንገራቸው" አልኩት አንድ ቀን። "አንቺ ካልፈለግሽ እኔ ምን ቸገረኝ፤ አግዳሚ ወንበሩ እንደሆን ቀድሞም ያሳክከኝ ነበር" አለኝ። እኔ ደግሞ አልፈለግሁም። ሞቱን እያየሁ እንኳን አልፈለግሁም።

ያን ቀን ያባረርኩሽ ምስጢር ስላወጣሽ አይደለም። ንጹሕ አድርገሽ ስለጻፍሽኝ ነው። የማላውቃት ደግ ሴት ፈጥረሽ በኔ ቦታ አስቀመጥሽ፤ አገሩ ሁሉ እሷን ያጽናናል፤ እኔ ደግሞ በእሷ ስም ማጽናኛውን እቀበላለሁ። ይህን እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? መቆጣት ቀለለኝ።

ሰኞ ዕለት ለአባ ራዶስዋቭ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወረቀት አውጥተው "ስሙን ይንገሩኝ፣ እሑድ አነበዋለሁ" አሉኝ። ብዕሩን ያዝኳቸው። መጀመሪያ እህቱ ትስማ አልኳቸው። ወሩ እስኪያልቅ ሊጠብቁኝ ቃል ገብተዋል፤ ከዚያ በኋላ የሙታን ስም የሚነበበው በመጪው ዓመት ነው፣ እኔ ደግሞ በመጪው ዓመት የት እንደምሆን ሐኪሙ ነግሮኛል።

ስለዚህ ነይ። ይኸው ነው ልመናዬ። ዕቃ አታብዢ፣ ወፍራም ጫማ ብቻ ያዢ። እቤት አልጋሽ ተነጥፏል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ አንሶላውን እቀይረው ነበር፣ ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አሳታሚሽ ዘንድ ያለችው ልጅ መጽሐፉ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ሊታተም መሆኑን ነገረችኝ። ሮዛልካን አትንኪያት፤ ስንት ሰው ሻማ እያበራላት ነው፣ ትኑር። ባልዲውን ግን ጻፊው። "የለም" ማለቴን ጻፊው፣ ሁለት ጊዜ ማለቴን። አባትሽ ቄሱ ደጅ ላይ እንዴት እንደቆመ ጻፊ። ጥፋቱን ከእሱ ላይ አንሺና ለኔ ስጪኝ። ደግሞ ለጋዜጠኞችሽ ዛሬውኑ ንገሪያቸው፣ መጽሐፉ እስኪታተም አትጠብቂ። እኔ በእግሬ እየሄድኩ ዳቦ መግዛት በምችልበት ጊዜ ይሁን። እሱ የሰማውን ሱቁ በር ላይ ቆሜ በጆሮዬ ልስማ።

እመቤታችን በመንገድሽ ትቅደም። እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ እንደኔ አይፍዘዝ። የእናት እርግማን ደርሶብሽ ከሆነ በዚህ ቃል አንስቼዋለሁ፤ የአባትሽ ምርቃት ግን ከላይሽ ወርዶ አያውቅም።

የቪትና የሉድቪካ እናት፣
ካዚሚዬራ